ለዚያ የደም ምርመራ ብር አትላክ

ወንድምዓለም፣ ብሩን ሳትልክ ቆይ፣ ስማኝ። አከርካሪዬ ተጣብቆ ይደርቃል ብለህ መፍራትህን አውቃለሁ። አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይቲስ ካሉህ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለህም። ግን «አዲስ አጥንት መብቀሉን አስቀድሞ ይነግራል» ያሉህ ምርመራ ገና ለሕክምና አልበቃም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምርመራው የሚለካቸው ዲኬኬ-1 እና ስክለሮስቲን የሚባሉ ፕሮቲኖች ለአጥንት ሥራ እንደ ልጓም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ዲኬኬ-1ን ሲያግዱ በመገጣጠሚያው ጠርዝ አዲስ አጥንት በቀለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በደማቸው ስክለሮስቲን ያነሰባቸው ሕሙማን አከርካሪ ላይ አዲስ አጥንት የመብቀሉ ነገር ጎልቶ ታየ። ከዚያ ወዲህ የወጡት ጥናቶች ግን አልተስማሙም። ደግሞም ደም ከመላው አካል ነው የሚመጣው፤ አንዲት የአከርካሪ ጥግ ላይ የሚሆነውን ለይቶ አይናገርም። ቁጥሩ ቢመጣም ሐኪምህ መድኃኒትህን በእሱ አይቀይርልህም።

ብሩን ሲአርፒ ለሚባለው የደም ምርመራ አውለው። ሲአርፒ ከፍ ብሎ ከቆየ፣ በራጅ ላይ አጥንት መብቀል ከጀመረና ሰውየው ካጨሰ፣ በሽታው የመግፋት ዕድሉ ይጨምራል። ከሦስቱ አንዱ በእጅህ ነው፤ ሲጋራውን ዛሬ ተው፣ እባክህ። ራጅ በየወሩ አትነሣ፤ ለውጡ ቀርፋፋ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ካልሞላ አይለይም። የድሮውን ፊልም ግን አትጣል፣ ጎንደር ስትሄድ ይዘኸው ሂድ፤ ሐኪሙ የሚያወዳድረው ከእሱ ጋር ነው። ቲቢና ከጥሬ ወተት የሚመጣው ብሩሴላም ወገብን ስለሚያሙ፣ ተጣርተው እንደሆነ ጠይቀው።

በሽምብራ ማሳ ጎንብሶ መዋል ስፖርት ሆኖ አይቆጠርልህም። ጠዋት ጠዋት ጀርባህን ግድግዳ ላይ አስደግፈህ ቀጥ በል፣ ደረትህን ሞልተህ ተንፍስ። ማታ ጥቂት ደቂቃ በሆድህ ተኛ፤ መንተራሻህም ዝቅ ያለ ይሁን። የምትወስደውን ዲክሎፌናክ ከምግብ በኋላ ዋጠው፤ ጨጓራህ ካቃጠለህ ወይም ሰገራህ ከጠቆረ አቁመህ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂድ።

ወጌሻ ጋ ሄደህ ግን ጀርባህን አታስረግጥ። የተጣበቀ አከርካሪ ቀላል በሚመስል ጉልበት ይሰበራል። ዓይንህ ቀልቶ ብርሃን ሲያይ ካመመህም የገበያ ጠብታ አትጨምርበት፤ በዚያው ቀን ወደ ጎንደር ተሳፈር፣ ለሐኪሙም የወገብህን ሕመም ቀድመህ ንገረው።