በትንሽ ገንዘብ ኮምፒዩተር ለመግዛት ስናስብ



በዚህ እትም የትምህርት አምዳችን የምናቀርብላችሁ ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁትን ጉዳይ ነው። ይኸውም «በአነስተኛ ገንዘብ ለቤት ወይም ለሥራ የሚሆን የጠረጴዛ ኮምፒዩተር እንዴት ይመረጣል?» የሚለው ነው። በሼክ ኑር ከምንኖረው መካከል ማመልከቻ ለመጻፍ፣ ፎቶግራፍ ለማተም፣ የሱቅ ሂሳብ ለመያዝ ወይም ልጆችን ለማስተማር ኮምፒዩተር ለመግዛት የሚያስቡ ጥቂት አይደሉም። ገንዘቡ ግን ከቀን ሥራ የተቆጠበ፣ ከውጭ አገር ዘመድ የተላከ ወይም በእቁብ የደረሰ ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ አንዴ ከጠፋ በቶሎ አይተካም።

ይህን የምንለው በራሳችን ስለደረሰ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስምንት ሆነን ለአምስት ወር ባዋጣነው ገንዘብ አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዛን። በሄድንበት ሰዓት መብራት ጠፍቶ ነበር። ባለ ሱቁ «ዕቃው ገና ከኮንቴይነር እንደወረደ ነው፤ አትጠራጠሩ» አለን። እኛም ሌላ ሰው እንዳይቀድመን ብለን ከፍለን ተሸክመን መጣን። ማታ መብራት ሲመጣ ሶኬት ላይ ብንሰካው «ጧ» ብሎ ጮኸ፤ ቤቱም ጭስ ጭስ ሸተተ። ለካስ ከጀርባው ያለችው ትንሽ ቀይ መቀየሪያ 115 በሚለው ቁጥር ላይ ነበረች። ማሽኑ የመጣው መብራቱ ከ110 እስከ 120 ቮልት ከሆነበት አገር ሲሆን የእኛ አካባቢ መብራት ግን 220 ቮልት ነው። የኃይል ሳጥኑን እንዳንቀይር ደግሞ ኮምፒዩተሩ ጠባብ ዓይነት ስለነበር በገበያ የሚገኘው ተራ ፓወር ሰፕላይ አልገባ አለ። የአምስት ወር መዋጮ በጣት ጫፍ በምትገፋ ነገር ምክንያት ጠፋ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ቀጥሎ ያለውን ትምህርት በጥሞና እንድታነቡ እንጠይቃለን።

1. መጀመሪያ ሥራውን መወሰን

ወደ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት ኮምፒዩተሩ ምን እንደሚሠራልን በወረቀት ላይ እንጻፍ። ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ሂሳብ ለመያዝ፣ ኢንተርኔት ለመመልከትና ትምህርት ለመከታተል ውድ ማሽን አያስፈልግም። ቪዲዮ ለማቀናበር የሚፈልግ ሰው ግን የበለጠ ራምና የበለጠ ፕሮሰሰር ያሻዋል። ሥራውን ሳንወስን ከሄድን የሚወስንልን ሻጩ ነው።

2. አዲስ መገጣጠም ወይስ ያገለገለ መግዛት?

ኮምፒዩተርን ከአዳዲስ ዕቃዎች መገጣጠም ደስ የሚል ሙያ ነው። ነገር ግን ኬዙ፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ዲስኩ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ስለሚገዙ ወጪው ከፍ ይላል። ገንዘቡ ትንሽ ለሆነ ሰው የተሻለው መንገድ በቢሮ ያገለገለ ማሽን ገዝቶ ሁለት ነገር ብቻ ማሻሻል ነው። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤች ፒ ኤሊትዴስክና ሌኖቮ ቲንክሴንተር ያሉት ለመሥሪያ ቤቶች በብዛት የተሠሩ ናቸው። ትላልቅ መሥሪያ ቤቶች ማሽኖቻቸውን ገና እየሠሩ ሳሉ በጥቂት ዓመት ውስጥ ስለሚቀይሩ፣ ያገለገሉት በርካሽ ወደ ገበያ ይወጣሉ።

መጠናቸው ግን ሦስት ዓይነት ነው። ትልቁ ለጥገና ይመቻል፤ ብዙ ጊዜም ተራ ፓወር ሰፕላይ ይቀበላል። መካከለኛው ጠባብ ሲሆን ፓወር ሰፕላዩ የራሱ ቅርጽ ያለው ነው። ትንሹ በእጅ የሚያዝ መጽሐፍ ያህላል፤ የሚሠራውም እንደ ላፕቶፕ በውጭ ቻርጀር ነው። በትልቁም ቢሆን አንዳንድ ፋብሪካዎች ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘውን የኤሌክትሪክ መሰኪያ የራሳቸው አድርገውታል። የተለመደው መሰኪያ 24 ቀዳዳ ያለው ነውና ሳጥኑን አስከፍቶ መቁጠር ይጠቅማል።

3. የፕሮሰሰሩን ቁጥር ማንበብ

ሻጮች «ይህ ኮር አይ 7 ነው» ብለው ዋጋ ይጨምራሉ። ስሙ ብቻውን ግን ምንም አይነግረንም። መታየት ያለበት ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። አይ 5-3470 የሚል ከሆነ የመጀመሪያው አሃዝ 3 ስለሆነ ሦስተኛ ትውልድ ነው። አይ 5-6500 ስድስተኛ፣ አይ 5-8500 ደግሞ ስምንተኛ ትውልድ ነው። ከአሥረኛው ትውልድ ወዲህ ቁጥሩ አምስት አሃዝ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች እናነባለን።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አይ 7-2600 እስከ 95 ዋት የሚደርስ ሙቀት እንዲያወጣ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አይ 3-8100 ደግሞ በ65 ዋት ተወስኖ በብዙ ሥራ ይቀድመዋል። እንግዲህ ታናሽ ስም ያለው አዲሱ፣ ታላቅ ስም ካለው አሮጌ ይሻላል ማለት ነው።

ትውልዱ ለሌላም ጉዳይ ይፈለጋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ መሠረት ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች የሚቀበለው በጠቅላላው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። ገንዘባችን ለዚያ የማይደርስ ከሆነ ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ትውልድ ገዝተን ሊነክስ ሚንት የተባለውን ነፃ ሥርዓት መጫን እንችላለን። ከእርሱ ጋር ሊብሬ ኦፊስ የተባለው ነፃ የጽሑፍና የሂሳብ ፕሮግራም ይሠራል።

4. ገንዘቡ የት ላይ ይዋል?

አሮጌ ማሽን ቀርፋፋ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በፕሮሰሰሩ ሳይሆን በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። በእርሱ ቦታ ኤስ ኤስ ዲ ብናስገባ ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረው ማሽን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊነሳ ይችላል። ለጽሑፍ ሥራ 240 ወይም 256 ጊጋባይት ይበቃል። ራሙ 8 ጊጋባይት ቢሆን መልካም ነው።

ራም ከመግዛታችን በፊት ሳጥኑን ከፍተን ዓይነቱን እንይ። እስከ አራተኛው ትውልድ ያሉት ማሽኖች በአብዛኛው ዲ ዲ አር 3፣ ከስድስተኛው ወዲህ ያሉት ደግሞ በአብዛኛው ዲ ዲ አር 4 ይጠቀማሉ። የጥርሳቸው ክፍተት ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በጉልበት መጫን ሁለቱንም ያበላሻል። ትንንሾቹ ማሽኖች ደግሞ የላፕቶፕ ራም ነው የሚጠቀሙት። የሐርጌሳ አየር ደረቅና አቧራማ ስለሆነ ገመዱን ከሶኬት ነቅለን፣ የኬዙን ብረት በእጃችን ነክተን፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የውስጡን ዕቃ እንንካ። በሰውነታችን ያለው ትንሽ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ራምን ሊገድል ይችላልና።

5. የመብራት ሂሳብ

ሐርጌሳ ውስጥ መብራት የምናገኘው ከግል ኩባንያ ስለሆነ በየወሩ የሚመጣውን ሂሳብ አስቀድመን እናስብ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ዋቱን በሰዓት፣ ከዚያም በ30 ቀን አባዝቶ ለ1000 ማካፈል ነው። በቀን ለአራት ሰዓት ብንሠራ፦

— ተራ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከጠፍጣፋ ሞኒተር ጋር 70 ዋት ቢወስድ፣ በወር 8.4 ኪሎ ዋት ሰዓት፤
— ያው ማሽን በአሮጌው ባለ ትልቅ ጀርባ ሞኒተር 150 ዋት ቢወስድ፣ በወር 18 ኪሎ ዋት ሰዓት፤
— ትንሹ ማሽን ከጠፍጣፋ ሞኒተር ጋር 40 ዋት ቢወስድ፣ በወር 4.8 ኪሎ ዋት ሰዓት።

እነዚህን ቁጥሮች በሂሳብ ደረሰኛችሁ ላይ ባለው የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ አባዙ። በነፃ የተሰጠ አሮጌ ሞኒተር በዓመት ውስጥ ስንት እንደሚያስወጣ ያኔ ታያላችሁ።

6. ከመክፈል በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ሀ) መብራት በሌለበት ሰዓት አንገዛም።
ለ) የፓወር ሰፕላዩን ጀርባ እንይ። ቀይ መቀየሪያ ካለው 230 ላይ መሆን አለበት፤ የሚቀየረውም ገመዱ ተነቅሎ ሳለ ነው። መቀየሪያ ከሌለው «100–240» የሚል ጽሑፍ እንፈልግ። ለ110 ብቻ የተሠራ ከሆነ እንተወው።
ሐ) ሳጥኑ ይከፈትልን። በማዘርቦርዱ ላይ ካሉት ትንንሽ ጣሳ መሰል ነገሮች አናቱ ያበጠ ካለ አንገዛም።
መ) ሲበራ በዴል ኤፍ 2፣ በኤች ፒ ኤፍ 10፣ በሌኖቮ ኤፍ 1 በመጫን ወደ መቆጣጠሪያው ገጽ እንግባ። የይለፍ ቃል ከጠየቀን ማሽኑ የቀድሞ ባለቤቱ ቁልፍ አለበትና ሻጩ ካልከፈተልን ይቅርብን። በዚያው ገጽ የራሙንና የፕሮሰሰሩን እውነተኛ መጠን እናነባለን።
ሠ) ቀኑ የተሳሳተ ከሆነ የውስጡ ትንሽ ባትሪ አልቋል። ሲ አር 2032 የሚባለው ርካሽ ባትሪ ስለሆነ ይህ ብቻውን አያስፈራም።
ረ) ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይሥራ። ዩ ኤስ ቢውን፣ ድምፁንና የኔትወርክ መሰኪያውን በየተራ እንሞክር።
ሰ) የዋስትናውን ቀንና የማሽኑን መለያ ቁጥር በደረሰኝ ላይ እናስጽፍ። በዛድ የከፈልን እንደሆነ የስልኩን መልእክት አንሰርዝ፤ ማስረጃ ነው።

7. አማርኛ ይጽፋልን?

በ1990ዎቹ የነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አሠራር ስለነበራቸው፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም የአማርኛ ፊደልና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። ስለዚህ ዛሬ ለአማርኛ ፕሮግራም ተጨማሪ ክፈሉ የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ከቅንብሩ ውስጥ የቋንቋ ክፍሉን ከፍታችሁ አማርኛን ጨምሩ፤ በሊነክስም እንዲሁ ይቻላል። ከመክፈላችሁ በፊት ስማችሁን በአማርኛ ጽፋችሁ ሞክሩ።

8. በጋራ ስንጠቀም

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ ብዙዎቻችን የምንገዛው ተባብረን ነው። የጋራ ኮምፒዩተር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የየራሱ መግቢያና የይለፍ ቃል ይከፈት። የስደተኛነት መታወቂያ፣ የጉዳያችንን ወረቀትና የቤተሰብ ፎቶግራፍ በጋራ ማሽን ላይ ትቶ መሄድ ለማይታወቅ ሰው ቤትን ከፍቶ እንደመሄድ ነው። ያገለገለ ማሽን ስንገዛም የነበረበትን ሁሉ አጥፍተን እንደ አዲስ እንጫን። ስንሸጥ ደግሞ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ እናጽዳ፤ ወይም አውጥተን እናስቀረው።

ከላይ የጠቀስነው የተቃጠለው ማሽን ዲስክና ራም ደህና ስለነበሩ በኋላ በሌላ ሣጥን ውስጥ አስገብተናቸዋል፤ አሁንም በመማሪያ ክፍላችን እየሠሩ ናቸው። ሳጥኑን ግን እንዳለ አስቀምጠነዋል። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የምናሳየው ያችን ቀይ መቀየሪያ ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች
1. አይ 7-3770 እና አይ 5-8400 ስንተኛ ትውልድ ናቸው? ዊንዶውስ 11ን በደንቡ የሚቀበለው የትኛው ነው?
2. 60 ዋት የሚወስድ ኮምፒዩተር በቀን ለአምስት ሰዓት ቢሠራ በወር ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል?
3. ሻጩ «መብራት የለም፤ ግን ዋስትና እሰጣለሁ» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ?

መልሶቻችሁን ይዛችሁ ብትመጡ አብረን እንወያያለን።