የተጠለፈችው ተከሳሽ

«ሕጉ ለሴት ያደላል፤ ተደፈርኩ ካለች ወንዱ አለቀለት» ሲባል ሰምተው ይሆናል። አባባሉን ከመቀበልዎ በፊት የአበራሽ በቀለን ጉዳይ ያስታውሱ፤ «ድፍረት» በተባለው ፊልም አይተውት ይሆናል።

አበራሽ የአርሲ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1996 የ14 ዓመት ተማሪ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። ጠላፊዋ ደብድቦ ደፈራት። መሣሪያ ይዛ ስታመልጥ ተከታትሎ ደረሰባት፤ ተኩሳ ገደለችው። ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያድነው ነበር። እሷ ግን በነፍስ ግድያ ተከሰሰች! የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ሁለት ዓመት ያህል ከቆየ ክርክር በኋላ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት።

ልብ ይበሉ፣ አበራሽን ያዳናት የተከሳሽ መብት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም፤ ጠበቃ ያቆማል፤ የቀረበበትን ምስክር ይጠይቃል። ይህ መብት ለወንድ ተከሳሽ ከተነፈገ ነገ እንደ አበራሽ ያለችም ልጅ አታገኘውም።

ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ጠላፊውን ከቅጣት አያድነውም።

ወደ ክሊኒክ ሲመጡ ብዙ ጊዜ የሚምታታው ሌላው ነገር ነው። ተደፍራ ያረገዘች ሴት ጽንሱን ለማቋረጥ ስትጠይቅ ቃሏ ብቻ ይበቃል፤ የደፈራትን ሰው ስም እንድትናገርም አትገደድም። ይህ ግን በማንም ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። አንድ ሰው ወህኒ እንዲወርድ ከተፈለገ ዐቃቤ ሕግ ጥፋቱን በማስረጃ ማስረዳት አለበት። የሐኪም ወረቀትም ሐኪሙ ያየውን ብቻ ይጽፋል፤ ለተበደለችው ድጋፍ ይሆናል፣ በስህተት የተጠቆመውንም ነፃ ሊያወጣ ይችላል።

ስለዚህ እርስዎም ሆኑ ልጅዎ ይህ ቢደርስባችሁ፣ ሰውነት ሳይታጠብ፣ የተለበሰው ልብስም ሳይታጠብ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ቶሎ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያው በ120 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ሁለቱም በፈጠኑ መጠን ይሻላሉ። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪና ካጡ በዚያው ቀን በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይግቡ። «ሽማግሌ ይየው» እየተባለ ሦስት ቀን ካለፈ መድኃኒቱም ያመልጣል፣ ማስረጃውም ይጠፋል።