የልጅ አፍ እንዴት ይፈታል?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ልጅ አነጋገር ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ማንበብ ላልቻለ ጎረቤትም አንብቡለት። በተለይ ሕፃን ላለው ሰው ይጠቅማል።

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ጥጃ በተወለደ ዕለት ይቆማል፤ የእናቱን ጡት ፈልጎ ይጠባል። የሰው ልጅ ግን ቆሞ ለመሄድ አንድ ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ለመናገር ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ይቆያል። ለምን ይመስላችኋል? የሰው ልጅ ሲወለድ አእምሮው ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ነው። የሚያድገውም እያየ፣ እየዳሰሰና እየሰማ ነው።

ልጅ መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» እንላለን። አፍ ግን በአንድ ቀን አይፈታም። ደረጃ አለው። ደረጃውን እንይ።

አንደኛ፦ ሳይወለድ። ፅንስ ከስድስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ድምፅ ይሰማል። የእናቱን ድምፅ የሚለምደው በማህፀን ሳለ ነው። እንደተወለደም የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ይለያል።

ሁለተኛ፦ በሁለትና በሦስት ወር። ሲያጫውቱት ፈገግ ይላል። «ኡ»፣ «አ» እያለ ድምፅ ያወጣል። ሰው ሲያነጋግረው ዓይን ዓይን ያያል።

ሦስተኛ፦ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር። «ባባባ»፣ «ማማማ»፣ «ዳዳዳ» ይላል። ይህ ገና ንግግር አይደለም። ልጁ ምላሱንና ከንፈሩን እያለማመደ ነው። ሰው መልስ ሲሰጠው ደስ ይለዋል፤ ይበልጥም ይለፈልፋል።

አራተኛ፦ በአንድ ዓመት ገደማ። የመጀመሪያዋን ቃል ይናገራል። «እማ» ወይም «አባ» ሊል ይችላል። የሚገባው ግን ከሚናገረው ይበልጣል። «ና» ቢሉት ይመጣል። «እንካ» ቢሉት እጁን ይዘረጋል። «ተው!» ቢሉት ቀና ብሎ ያያል።

አምስተኛ፦ በሁለት ዓመት ገደማ። ሁለት ቃል ያገናኛል። «እማ ውሃ»፣ «አባ መጣ» ይላል።

ስድስተኛ፦ በሦስት ዓመት። ሙሉ ነገር መናገር ይጀምራል። ማንም ሳያስተምረው «በግ» የሚለውን «በጎች» ያደርገዋል። «መጣ» እና «መጣች» የሚለውንም ይለያል። አፉ ግን ገና ይኮላተፋል። «በሬ» ለማለት «በዬ» ይል ይሆናል። አትሳቁበት፤ አትቆጡትም። «አዎ፣ በሬው መጣ» ብላችሁ ትክክለኛውን መልሱለት። ከዚያ ይማራል።

ሰባተኛ፦ በአራትና በአምስት ዓመት። የሆነውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያወራል። እንግዳ ሰውም ንግግሩ ይገባዋል። «ለምን?» እያለ ያደክማል። ታዲያ ደክሟችሁም ቢሆን መልሱለት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በአንድ ቀን የተዘራ እህል ሁሉ እኩል አይበቅልም። ልጅም እንደዚሁ ነው። ጤነኛ ልጅ ከሌላው ጥቂት ወር ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል።

ታዲያ ወላጅ ምን ያድርግ?

«ሕፃን ምን ያውቃል!» አትበሉ። አነጋግሩት። ለዚህ ትርፍ ጊዜ አያስፈልግም። እናት ጥጥ ስትፈትል፣ ቡና ስትቆላ የምትሠራውን እየነገረችው ትሥራ። አባትም ከእርሻ ሲመለስ ልጁን ታቅፎ ያውራው። ይህ የእናት ሥራ ብቻ አይደለም። ማታ እሳት ዳር ተረት ንገሩት። ከፍ ሲል «እንቆቅልህ» በሉትና «ምን አውቅልህ» ይበላችሁ። ብዙ ቃል ሰምቶ ያደገ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ንባብ ይቀለዋል። የሚያነበውን ቃል በጆሮው ያውቀዋልና።

በቤታችሁ ሁለት ቋንቋ ቢነገርስ? ለምሳሌ በከሚሴ አካባቢ አማርኛና ኦሮምኛ አብረው የሚነገሩበት ቤት አለ። አትስጉ። ልጅ ሁለቱንም ይማራል። መጀመሪያ ቢቀላቅላቸውም እያደር ይለያቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ልጅ የሚናገረው የሰማውን ነው። ያልሰማ ልጅ በንግግር አፉን ሊፈታ አይችልም።

በየሰፈሩ እንዲህ ሲባል ይሰማል። «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው። ተዉት፣ ሲደርስ ይናገራል።» ዓመት ያልፋል። ሌላ ዓመትም ያልፋል። ልጁ ግን የማይናገረው ስለማይሰማ ሊሆን ይችላል። ቋንቋ በቀላሉ የሚገባው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ መማር በጣም ይከብዳል። የዘር ወቅት ያለፈበት ገበሬ ይህን ያውቃል።

ደንቆሮ ሆኖ የተወለደ ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ ድምፅ ያወጣል። ስለዚህ ወላጅ ይታለላል። እንዲህ አድርጋችሁ እዩት። ልጁ ሳያያችሁ ከኋላው ሁኑ። ስሙን ጥሩ ወይም አጨብጭቡ። ይዞራል ወይስ አይዞርም? ደጋግሞ የማይዞር ከሆነ፣ በአንድ ዓመቱ «ባባባ» እንኳ የማይል ከሆነ፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል የማያገናኝ ከሆነ፣ ወይም የሚናገረውን ካቆመ፣ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አትጠብቁ።

ጆሮን የሚያደነቁር በሽታ ብዙ ነው። ማጅራት ገትር አንዱ ነው። ኩፍኝም ጆሮ ይጎዳል። ስለዚህ ልጃችሁን በዘጠኝ ወሩና በአሥራ አምስት ወሩ የኩፍኝ ክትባት አስከትቡት። ከጆሮ የሚወጣ መግል ሲቆይ መስማትን ይቀንሳል። «የልጅ ነገር ነው» ብላችሁ አትለፉት። ቅቤም ሆነ ቅጠል ጆሮው ውስጥ አትጨምሩ። እንጥሉን ማስቆረጥም አፍ አይፈታም፤ ደም ያፈሳል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል።

ልጁ የማይሰማ ሆኖ ቢገኝስ? ተስፋ አትቁረጡ፤ ቤት ውስጥም አትደብቁት። የማይሰማ ልጅ አእምሮ የለውም ማለት አይደለም። ቋንቋ በጆሮ ብቻ አይገባም፤ በዓይንም ይገባል። ይህም የምልክት ቋንቋ ይባላል። በእጅ፣ በፊትና በሰውነት የሚነገር ሙሉ ቋንቋ ነው። የእኛ ፊደል እንኳ በጣት ይነገራል። የእጁ ቅርጽ ፊደሉን ያሳያል፤ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባት ድምፆች ያሳያል። ምልክቱን ከልጁ ጋር ቤተሰቡም ይማር። ብቻውን ቢማር ከማን ጋር ይነጋገርበታል?

በመጨረሻ ስለ እናንተ እንናገር። «እኔ አርጅቻለሁ፣ ፊደል አይገባኝም» የሚል ሰው አለ። መሠረተ ትምህርት በ1971 ዓ.ም. በአገር ደረጃ በዘመቻ ሲጀመር ብዙ አዛውንት ከልጅ ልጆቻቸው እኩል ፊደል ቆጥረዋል። 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል። ይህን ማጥናት አድካሚ ነው። ነገር ግን ከባዱን ሥራ፣ ቋንቋውን፣ በሕፃንነታችሁ ጨርሳችሁታል። ያን ጊዜ ገና መልስ መስጠት ሳትችሉ ያወራችሁ ሰው ነበረ። እናንተም ለልጃችሁ እንደዚሁ አድርጉ።

ጥያቄዎች

1. ልጅ የመጀመሪያ ቃሉን የሚናገረው በስንት ወሩ ገደማ ነው?
2. ልጅ «በዬ መጣ» ቢል ምን ብላችሁ ትመልሱለታላችሁ?
3. ልጅ መስማቱን ቤት ውስጥ እንዴት ታያላችሁ?
4. በመንደራችሁ ሁለት ዓመት አልፎት የማይናገር ልጅ አለ? ከወላጆቹ ጋር ተነጋገሩ። ይህንንም ትምህርት አንብቡላቸው።