ጥርስ ምን ይመሰክራል?

በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን የምናነሳው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የሞተ ጦጣ ምን ይበላ እንደነበር ከጥርሱ ብቻ ማወቅ ይቻላል?

የጥርስ ሽፋን የሆነው ኢናሜል ከአካል ክፍሎች ሁሉ ጠንካራው ስለሆነ፣ ሌላው አካል ጠፍቶ ጥርስ ብቻ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

መነሻችን በክፍል የተማርነው ሜካኒክስ ነው። ደረቅ ዘር ሲመታ ስንጥቁ በራሱ ስለሚሮጥ ይፈረከሳል፤ ሙቀጫና ዘነዘና ይበቃዋል። ቅጠልን ግን ቃጫው ስንጥቁን ስለሚገታው መቀስ ይፈልጋል። ጥርስም እንዲሁ ነው። ጠንካራ ዘር የሚሰብሩ ጦጣዎች የመንጋጋ ጥርሳቸው ጉብታ ዝቅና ደንደን ያለ ነው። ቅጠል በሊታው ጉሬዛ ከፍ ያሉ ጉብታዎችና ስል ጠርዞች አሉት። ሣር የሚግጠው የአገራችን ጭላዳ ደግሞ ሌላ መላ አለው፦ ጥርሱ ሲያልቅ ለስላሳው የውስጥ ክፍል ቀድሞ ይጎደጉዳል፤ ኢናሜሉ ጠርዝ ሆኖ ይቀራል። ራሱን በራሱ የሚወቅር ወፍጮ ማለት ነው።

ተመራማሪዎች የጠርዞቹን ርዝመት ከጥርሱ ርዝመት ጋር ያነጻጽራሉ፤ ውጤቱንም ምግባቸው ከሚታወቅ የዛሬ እንስሳት ጋር ያስተያያሉ። ምሳሌ እንውሰድ። የእስያና የአፍሪካ ጦጣዎች የመንጋጋ ጥርስ ሁለት ተሻጋሪ ሸንተረሮች አሉት። ይህ ቅርጽ ቅጠል ለመብላት የመጣ ነው ይባል ነበር። ነገር ግን በኬንያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ማቦኮ ደሴት የተገኘው የ15 ሚሊዮን ዓመቱ ቪክቶሪያፒቴከስ ሲለካ ጠርዞቹ አጫጭር ሆኑ። ይበላ የነበረው በአብዛኛው ፍራፍሬና ዘር ነው ተባለ፤ የቀድሞው ግምትም ተናጋ።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። ስል ጠርዝ ነፍሳት ለሚበላም ያገለግላል። ስለዚህ የሰውነት ክብደትም ይታያል፤ ከግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ በታች ያለ እንስሳ በቅጠል ብቻ መኖር ይከብደዋል። ጎሪላንም እንይ፦ ጥርሱ ቅጠል መቁረጫ ነው፤ ፍራፍሬ ሲያገኝ ግን ፍራፍሬውን ይመርጣል። ቅርጹ የክፉ ቀን ስንቅን ሊያሳይ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለት ተጨማሪ ምስክሮች ይጠራሉ። አንደኛው በማይክሮስኮፕ የሚታየው ጭረት ነው፤ ጠንካራ ምግብ ጉድጓድ፣ ሣርና ቅጠል ጫር ጫር ያለ መስመር ይተዋሉ። ሁለተኛው በኢናሜል ውስጥ ያለው ካርቦን ነው፤ የቆላ ሣር አሻራ ከዛፍ ቅጠል ይለያል። የጭላዳ የጠፋ ዘመድ የሆነው ቴሮፒቴከስ ኦስዋልዲ ሣር በሊታ መሆኑን ቅርጹም ካርቦኑም ተስማምተው መስክረዋል።

ትምህርቱ ይህ ነው፦ ቅርጽ የሚነግረን ጥርሱ ምን መሥራት እንደሚችል ነው፤ ምን እንደሠራ ግን ጭረቱና ካርቦኑ ይናገራሉ። እኛም በላብራቶሪም ሆነ በሰው ጉዳይ በአንድ ማስረጃ ለመፍረድ አንቸኩል።

የመወያያ ጥያቄ፦ የጥርሱ ቅርጽ «ቅጠል»፣ ጭረቱ ደግሞ «ዘር» ቢል ምን ብለን እንጽፋለን?