«ቻይው» ከማለታችን በፊት
በቤቷ ጥቃት የደረሰባትን እናት ስለ መቀበል የተዘጋጀ ትምህርት



በየቁምስናችን ሊያጋጥም የሚችለውን አንድ ሁኔታ በማሰብ ትምህርታችንን እንጀምር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ወደ ትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ትቀርባለች። ባሏ እንደሚደበድባት፣ ትናንት ሌሊትም ልጆቿን ይዛ ጎረቤት ቤት እንዳደረች በዝግታ ትነግረዋለች። መምህሩ ደግ ሰው ነውና ያዝንላታል፤ ወዲያውም ሁለት ሽማግሎች ይጠራል። ባልየው መጥቶ ይቅርታ ይጠይቃል፤ እርሷም «ለልጆችሽ ስትዪ ቻይው» ትባላለች፤ ታርቃ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሁላችንም ጎጆ አዳንን ብለን እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። በሩ ከተዘጋ በኋላ ግን «ገመናዬን አደባባይ አወጣሽ» ተብላ ካለፈው የከፋ ዱላ ሲወርድባት የሚያይ የለም። ዳግመኛ ወደ እኛ አትመጣም፤ እኛም ዝምታዋን እንደ ሰላም እንቆጥረዋለን።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለችውን እናት ወደ አደጋ መልሱ ብላ ታስተምራለችን? ካልሆነስ እኛ ምን ልናደርግላት ይገባናል?

1. የችግሩ ስፋት

እ.ኤ.አ. በ2016 በሀገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑና ትዳር ከመሠረቱ ሴቶች መካከል 34 ከመቶ የሚሆኑት ከትዳር ጓደኛቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ቀደም ሲል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት፣ በቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ሴቶች 71 ከመቶው በሕይወታቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከትዳር ጓደኛቸው እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። እነዚህ ሴቶች በሩቅ ያሉ አይደሉም፤ በቅዳሴ ጊዜ ከአጠገባችን የሚቆሙ፣ ለማኅበሩ ጠላ የሚጠምቁ፣ ልጆቻቸውን ለቁርባን የሚያዘጋጁ እናቶች ናቸው።

ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ግን ሌላው ቁጥር ነው። በ2016ቱ ጥናት ባል ሚስቱን መምታቱ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ከሴቶቹ 63 ከመቶ፣ ከወንዶቹ 28 ከመቶ ነበሩ። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከልም ርዳታ የጠየቁት 23 ከመቶ ብቻ ናቸው። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» በሚል ተረት ያደገች ሴት ዱላውን እንደ ዕጣዋ ብትቀበለው አያስደንቅም። ስለዚህ አንዲት እናት ደፍራ ወደ እኛ ስትመጣ፣ ከብዙ ዝምታ በኋላ የመጣች መሆኗን እንወቅ።

2. ቅዱስ መጽሐፍ ምን ያስተምረናል?

ሚስት ለባልዋ እንድትገዛ የሚናገረው የኤፌሶን መልእክት (ምዕ. 5) ብዙ ጊዜ ለመደብደብ ፈቃድ እንደሚሰጥ ተደርጎ ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ ሐዋርያው ትምህርቱን የሚጀምረው ሁሉም እርስ በርሳቸው እንዲገዙ በማዘዝ ነው (ቁ. 21)። ባልንም ክርስቶስ ለቤተ ክርስቲያን ራሱን አሳልፎ እንደሰጠ ሚስቱን እንዲወድ፣ እንደ ገዛ ሥጋው አድርጎም እንዲንከባከባት ያዘዋል (ቁ. 25–29)። ክርስቶስ ስለ ሙሽራይቱ ቆሰለ እንጂ ሙሽራይቱን አላቆሰለም። ሐዋርያው ጴጥሮስም ባሎች ሚስቶቻቸውን የሕይወት ጸጋ አብረው የሚወርሱ አድርገው ካላከበሩ ጸሎታቸው እንደሚታገድ ያስጠነቅቃል (1 ጴጥ. 3፥7)።

«መስቀልሽን ተሸከሚ» የሚለው ምክርም ሊመረመር ይገባዋል። መስቀል ለፍቅርና ለእውነት ሲባል በፈቃድ የሚቀበሉት መከራ ነው፤ የሌላው ሰው ኃጢአት ያለ ከልካይ እንዲቀጥል መፍቀድ ግን መስቀል አይባልም። ዳዊት ሳኦል ጦር በወረወረበት ሌሊት ሸሽቷል፤ ሚስቱ ሜልኮልም በመስኮት አውርዳ አስመልጣዋለች (1 ሳሙ. 19)። ቅዱስ ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ተሰድዷል (ማቴ. 2፥14)። ጌታችንም ሊወግሩት ድንጋይ ባነሡ ጊዜ ተሰውሮ ወጥቷል (ዮሐ. 8፥59)። ሕይወትን ለማዳን መሸሽ እምነት ማጣት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

3. የቤተ ክርስቲያን ሕግ

ብዙ ምእመናን ተክሊል የተቀበለች ሴት ምንም ቢደርስባት ከቤቷ መውጣት ኃጢአት ይመስላቸዋል። ሕገ ቀኖና ግን እንዲህ አይልም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቁጥር 864፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና በቁጥር 1153 ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣሉ። ይኸውም ከባልና ሚስት አንዱ የጋራ ኑሮውን ለሌላው ወይም ለልጆች አደገኛ ቢያደርገው፣ የተጎዳው ወገን ለመለየት ሕጋዊ ምክንያት አለው። መለየቱ በጳጳሱ ውሳኔ ይፈጸማል፤ መዘግየቱ አደጋ የሚያመጣ ከሆነ ግን የተጎዳው ወገን በራሱ ሥልጣን ሊለይ ይችላል። ስለዚህ በሌሊት ልጆቿን ይዛ የወጣችው እናት የቤተ ክርስቲያንን ሕግ አልጣሰችም። ሁለቱም ሕግጋት በመለያየት ጊዜ ለልጆች መተዳደሪያና አስተዳደግ ሁልጊዜ መታሰብ እንዳለበት ያዝዛሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ተለያይቶ መኖር የጋብቻን ማሰሪያ አይፈታም፤ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ (ቁ. 1649) ተለያይተው የሚኖሩት በእግዚአብሔር ፊት ባልና ሚስት እንደሆኑ ያስተምራል። በመለየቷ ብቻም ከቅዱስ ቁርባን አትከለከልም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 በጻፉት «የፍቅር ሐሴት» (አሞሪስ ለቲስያ) በተሰኘው ሐዋርያዊ ምክር (ቁ. 241)፣ ደካማውን ወገንና ትንንሽ ልጆችን ከከባድ ጉዳት ለማዳን መለያየት አንዳንድ ጊዜ ከሥነ ምግባር አንጻር ግዴታ እስከ መሆን እንደሚደርስ አስተምረዋል።

4. የሀገራችን ሕግ

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ይደነግግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን ቀይሮ፣ ባልና ሚስት ሊከባበሩ፣ ሊደጋገፉና ሊረዳዱ እንደሚገባ፣ በቤተሰቡ አስተዳደርም እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት በአካል ጉዳት ድንጋጌዎች እንደሚያስቀጣ ይናገራል። እንግዲህ ሚስትን መደብደብ የቤት ጉዳይ ሳይሆን ወንጀል ነው።

5. ወደ እኛ ስትመጣ ምን እናድርግ?

ሀ) ለብቻዋ እንስማት፤ እንመናትም። «ምን አድርገሽው ነው?» ብለን አንጠይቃት። ቃሏን ለማረጋገጥ ብለን ባሏን አንጥራ።

ለ) ምሥጢሯን እንጠብቅ። ያለችበት ቦታ በዕድር ወይም በማኅበር ወሬ ከተሰማ፣ ከባሏ ጆሮ ሳይደርስ አያድርም።

ሐ) የዛሬውን ሌሊት እናስብ። እገድልሻለሁ ብሎ ዝቷልን? በመሣሪያ አስፈራርቷታልን? አንገቷን አንቋታልን? ነፍሰ ጡር ናትን? መልሱ አዎን ከሆነ አደጋው ከባድ ነው። ልትለየው መሆኑን ባሏ የሚያውቅበት ጊዜ ደግሞ ከሁሉ የከፋ አደጋ የሚደርስበት መሆኑን አንርሳ።

መ) ማረፊያ እንፈልግላት። የዘመድ ቤት፣ የደናግል ገዳም ወይም መጠለያ ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር እንዲህ ላሉ ሴቶች መጠለያ ይሰጣል። ገና ለመውጣት ያልወሰነች ከሆነች የጋብቻና የልጆች ልደት ምስክር ወረቀት፣ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር፣ መድኃኒትና ጥቂት ገንዘብ በሚታመን ሰው ዘንድ እንድታስቀምጥ እንምከራት።

ሠ) ወደ ጤና ተቋም እንሸኛት። የሐኪም ማስረጃ በኋላ በፍርድ ቤት ይጠቅማታል። ተገድዳ ከሆነ፣ የኤች.አይ.ቪ. መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት አንዘግይ።

ረ) ከፈቀደች ወደ ፖሊስ እንሂድላት። በፖሊስ ጣቢያዎች የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚመለከት ክፍል ባለበት ቦታ ወደዚያ እንምራት። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለተጎዱ ሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። ውሳኔው ግን የእርሷ ይሁን፤ ሌላ ሰው ሲያዝዛት የኖረችውን ሴት እኛም ደግሞ አንዘዛት።

ቤቱና መሬቱ በባሏ እጅ ስለሆነ፣ ልጆቿም ስለሚያሳዝኗት ከወጣች በኋላ ብትመለስ፣ «ነግረንሽ ነበር» ብለን በራችንን አንዝጋባት። በመጨረሻ ለመውጣት ስትቆርጥ የምታስታውሰው ያልተዘጋውን በር ነው።

6. እርቅስ?

እርቅ የወንጌል ቃል ነውና አንንቀውም። ሕገ ቀኖናም የመለየቱ ምክንያት ሲወገድ፣ የቤተ ክርስቲያን ባለ ሥልጣን ሌላ ካልወሰነ በቀር፣ የጋራ ኑሮው እንዲታደስ ያዝዛል። ነገር ግን ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ ዱላው ይቁም፤ ቀጥሎ በዳዩ በደሉን በደል ብሎ ይመን፤ ለውጡም በቃል ሳይሆን በጊዜ ይፈተን። ከዚህ በኋላ እርሷ ያለ ፍርሃት በነጻ ፈቃዷ ከተስማማች እርቅ ይባላል። ሁለቱን ባንድነት አስቀምጦ «ሁለታችሁም አጥፍታችኋል» ማለት ከበዳዩ ጋር ማበር ነው። ይቅር ማለት የልብ ነገር ነው፤ ተመልሶ አብሮ መኖር ግን ሌላ ውሳኔ ነው።

ባልየውንም አንተወውም። ቆሞሱ ወይም የሚያከብራቸው ሽማግሎች፣ እርሷ በሌለችበትና ደኅንነቷ ከተጠበቀ በኋላ፣ የሠራው ኃጢአትም ወንጀልም መሆኑን በግልጽ ይንገሩት። እውነተኛ ንስሐ ዳግመኛ ላለመበደል ቁርጥ አሳብን ይጠይቃልና።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ጎጆን ማዳን መልካም ነው፤ በጎጆው ውስጥ ያለችውን ነፍስ ማዳን ግን ይቀድማል። በሌሊት የተሰደደችው ቅድስት እናታችን ማርያም በግብፅ ማረፊያ ያገኘችው በሩን የከፈተላት ሰው ስለነበር ነው። ዛሬም በራችንን ለሚያንኳኩ እናቶች እንድንከፍት እግዚአብሔር ይርዳን።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን አንዲት እናት ዛሬ ማታ ከቤቷ ብትወጣ የት ታድራለች? የሚቀበላትስ ማን ነው?
2. ለተጋቢዎች በምንሰጠው ትምህርት የኤፌሶንን መልእክት ምዕራፍ 5 እንዴት እያስረዳን ነው?
3. የቁምስናችን ሽማግሎች ለእርቅ ከመቀመጣቸው በፊት ምን ማረጋገጥ አለባቸው?