እንሶስላን መለየትና ማልማት

በሀገራችን ደጋና ወይና ደጋ የሚኖሩ እናቶችና እኅቶች ለሠርግ፣ ለፋሲካና ለሌሎች ዐበይት በዓላት እጃቸውንና እግራቸውን እንሶስላ መሞቃቸው የቆየ ልማድ ነው። ማቅለሚያው የሚገኘው ከተክሉ ሥር ነው፤ ሥሩም ያለ መቆፈር አይገኝም። ተክሉ ጥላና እርጥበት ስለሚወድ በወንዝ ዳር፣ በጫካ ጠርዝና በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ይበቅላል። ቆፋሪው ሥሩን ሙልጭ አድርጎ ከወሰደው ግን በቀጣዩ ክረምት በዚያ ስፍራ የሚበቅል አይኖርም። ስለዚህ እንሶስላን ማወቅና ማልማት እናቶችን ብቻ ሳይሆን አጸዱን የሚጠብቁ ካህናትንና የሰበካ ጉባኤ አባላትንም ይመለከታል።

አስቀድመን የራሳችንን ስሕተት እንናገር። በአንድ የገጠር ደብር ያሉ እናቶች እንሶስላን በጓሯቸው ለማልማት እንድናግዛቸው ጠይቀውን ነበር። እኛም በጥር ወር፣ ቅጠሉ ረግፎ ግንዱ ከደረቀ በኋላ፣ ከወንዝ ዳር ሥር ቆፍረን አከፋፈልን። ክረምቱ ሲያበቃ የፈካው አበባ ግን ቀይ ሆነ። የተከልነው እንሶስላን ሳይሆን የቅርብ ዘመዱን ነበር፤ እናቶቹም የአንድ ዓመት ድካም ባከነባቸው። ከዚህ የተማርነው ዋና ነገር ተክሉ የሚታወቅበት ጊዜና ሥሩ የሚፈለግበት ጊዜ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። እንሶስላ ራሱን የሚገልጠው በክረምትና በክረምት መውጫ ነው፤ ሥሩ በብዛት የሚፈለገው ግን በበጋ፣ በሠርግና በፋሲካ ወራት ነው። እንግዲህ ሊቆፍር የሚያስብ ሰው በአበባው ወቅት አይቶ፣ አጠገቡ እንጨት ተክሎ ምልክት ሊያደርግ ይገባዋል።

የእንሶስላ የሳይንስ ስም ኢምፓሸንስ ቲንክቶሪያ ነው። ሁለቱም ቃላት ከላቲን የመጡ ሲሆኑ የመጀመሪያው «ትዕግሥት የለሽ»፣ ሁለተኛው «ለማቅለሚያ የሚሆን» ማለት ነው። ትዕግሥት የለሽ የተባለው የበሰለው ፍሬ በጥቂት ንክኪ ፈንድቶ ዘሩን ስለሚበትን ነው። ተክሉን ለመለየት አራት ነገሮችን አንድ ላይ መመልከት ያስፈልጋል።

1. ግንዱ ውኃ ያዘለና ለስላሳ ነው፤ ቁመቱ በተመቸው ስፍራ እስከ 2 ሜትር ይደርሳል።
2. ቅጠሉ ጫፉ የሾለ፣ ዳሩም እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ነው።
3. አበባው ነጭ ሆኖ በጉሮሮው ላይ ሐምራዊ ምልክት አለው፤ ከበስተኋላውም ረጅምና ቀጭን ጅራት ይወጣል። መዓዛው ሲመሽ ይበረታል።
4. ሥሩ ወፍራምና ድንች መሰል ነው።

ከእነዚህ ሁሉ አስተማማኙ አበባው ነው። እንሶስላን ከሂና ጋር አንድ የሚያደርጉም አሉ። ሂና ግን ቆላ የሚስማማው ቁጥቋጦ ነው፤ ማቅለሚያውም የሚገኘው ከቅጠሉ እንጂ ከሥሩ አይደለም።

ለማልማት ከፊል ጥላ ያለው፣ ብስባሽ የበዛበትና ውኃ የማይተኛበት መደብ ይዘጋጅ። እንሶስላ እርጥበት ይወዳል ማለት ረግረግ ይወዳል ማለት አይደለም፤ ውኃ በሚቋጥር መደብ ላይ ሥሩ ይበሰብሳል። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ቢያንስ አንድ ቡቃያ ያለውን የሥር ቁራጭ ከአፈሩ በታች 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አስገብቶ መትከል ይገባል። በተክሎቹ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢተው በቂ ነው። መደቡን በደረቅ ቅጠል መሸፈን እርጥበቱን ይጠብቅለታል። ከዘር ለማብቀል የሚሻ ደግሞ ፍሬው ሳይፈነዳ ስስ ጨርቅ ያስርበት፤ አለዚያ ዘሩ ተበትኖ ይቀራል።

ሥሩን ለመውሰድ ተክሉ ሁለተኛውን ክረምት እስኪያልፍ መታገሥ ይመረጣል። በዚያን ጊዜ በዙሪያው አፈሩን ገልጦ ከዳር ያሉትን ሥሮች መውሰድ፣ ቡቃያ ያለበትን መካከለኛ ክፍል ግን መልሶ መሸፈን ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ጫጩቶቹን የሚወስድ ሰው እናቲቱን ወፍ እንዲለቅ ታዟል። ሥር ስንቆፍርም ይህንኑ ሥርዓት ብናስብ መልካም ነው።

የተወሰደው ሥር ታጥቦና ተቀጥቅጦ በመዳፍና በእግር ላይ ይደረጋል፤ ተጠቅልሎም ያድራል። ቀለሙ ከቀይ እስከ ጠቆር ያለ ቡናማ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ቶሎ እንዲያጠቁር ሲባል የጠጉር ማጥቆሪያ ኬሚካል የተቀላቀለበት «ጥቁር ሂና» በየስፍራው ይሸጣል። በውስጡ ያለው ፓራፌኒሊንዳያሚን የተባለ ንጥረ ነገር ቆዳን ሊያቆስልና ዘላቂ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል። በተለይ ሕፃናትን ከዚህ መጠበቅ ይገባል።

ሰበካ ጉባኤያት በሚቀጥለው ስብሰባቸው በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ እንዲወያዩ እንጠይቃለን።

በአጸዳችን ውስጥ እንሶስላ አለን? ያለበትንስ ስፍራ በአበባው ወቅት ምልክት አድርገንበታል?

ሥሩን እየቆፈሩ የሚወስዱት እነማን ናቸው? ብንከለክላቸው ብቻ የሚተዳደሩበትን እናሳጣቸዋለንና በጓሯቸው እንዲተክሉ ምን ያህል የዘር ሥር ልንሰጣቸው እንችላለን?

ተክሉን ለይተው የሚያውቁ አረጋውያት እናቶች በደብራችን እነማን ናቸው? ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይህን በመስከረም ወር ከአበባው አጠገብ ቆመው እንዲያሳዩ መቼ እንጋብዛቸው?