ሕፃን ሲቆጣና ሲያለቅስ

በአገራችን ለሐዘንተኛ የሚሰጠው ክብር ታላቅ ነው። መርዶ ለአዋቂ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቃል ተመርጦ ነው። የተረዳው ሰው ሲጮኽና ደረቱን ሲመታ «ዝም በል» የሚለው የለም፤ አብረውት ያለቅሳሉ፣ ሲደክም ይደግፉታል፣ ከአጠገቡም አይለዩም። በዚያው ቤት ያለው የስድስት ዓመት ሕፃን ግን ብዙ ጊዜ ወደ ጎረቤት ይላካል። አያቱ የት እንዳለች ሲጠይቅ «ሩቅ አገር ሄዳለች» ይባላል፤ ቢያለቅስ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሎ ይገሠጻል። ከሳምንት በኋላ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል እርሳሴን ተነጠቅሁ ብሎ መሬት ላይ ሲንከባለልና ጓደኛውን ሲነክስ፣ እኛ መምህራኑ «ባለጌ» እንለዋለን። እርሳሱ ግን ሰበብ እንጂ መንሥኤ ላይሆን ይችላል።

በዚህ ትምህርት እንዲህ ያለውን ሕፃን በርኅራኄ ስለ መቀበል ጥቂት ለማለት እንወዳለን። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ቁጣ፣ ፍርሃትና ሐዘን በራሳቸው ኃጢአት አለመሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የታወጀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1767፣ ስሜቶች በራሳቸው መልካምም ክፉም እንዳልሆኑ ያስተምራል። የሕፃን አእምሮ ደግሞ ገና በማደግ ላይ ነው፤ ስሜትን የሚገታው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ ድረስ አይበስልም። ስለዚህ በቁጣ ለሚንቀጠቀጥ ሕፃን የሚሰጥ ረጅም ተግሣጽ ከጆሮው አይገባም።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 21 አጋር ልጅዋን ከቁጥቋጦ ሥር ትታ ርቃ ትቀመጣለች፤ ሲሞት ማየት አልቻለችምና። እግዚአብሔር ግን የልጁን ድምፅ ሰማ፤ እናቲቱንም ልጁን አንሥታ በእጅዋ እንድትይዘው አዘዛት። የውኃው ጉድጓድ የታያት ከዚያ በኋላ ነው። እኛም ከሕፃን ልቅሶ የምንሸሸው ብዙ ጊዜ ጠልተነው ሳይሆን መሸከም አቅቶን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ዝቅ ብለን በቁመቱ ልክ እንቀመጥ፤ ድምፃችንንም እንቀንስ። «እርሳስህን ስለ ወሰደብህ ተናደድህ፣ አይደል?» ብለን ስሜቱን በስሙ እንጥራለት፤ ከዚያም ዝም ብለን እንጠብቅ። ይህ ዝምታ ከሁሉ ይከብዳል፤ ሌሎች አርባ ልጆች እየተመለከቱን ከሆነማ ይልቁን። ረዳት ካለ ልጁን ይዞ ከደጅ ጥላ ሥር ይቀመጥ። ርኅራኄ ማለት ግን እንደ ልብህ ሁን ማለት አይደለም፤ የሚማታውን እጅ እንይዘዋለን፣ አንመታውም። ሲረጋጋም የነከሰውን ጓደኛውን ይቅርታ እንዲጠይቅ እንረዳዋለን። እኛ ራሳችን ታግሠን ሳንጨርስ ጮኸንበት እንደ ሆነ፣ ይቅርታ መጠየቁን ከእኛ ይማር።

«ጅብ ይብላህ»፣ «እግዚአብሔር ይቀጣሃል» እያሉ ማስፈራራት ልቅሶውን ያስቆም ይሆናል እንጂ ፍርሃቱን አያርቅም። ሁለተኛው በተለይ ከትምህርተ ክርስቶስ መምህር አፍ ሊወጣ አይገባም። ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ እ.ኤ.አ. በ1884 ከሮም በጻፈው ደብዳቤ፣ ልጆችን መውደድ ብቻ እንደማይበቃ፣ መወደዳቸውን ራሳቸው ሊያውቁት እንደሚገባ አሳስቧል።

አያቱ የሞተችበት ሕፃንም እውነቱ በአጭር ቃል ይነገረው። «ተኝታለች» አይባል፤ መኝታን የሚፈራ ልጅ ከዚህ ይወጣል። «ሞታለች፤ እኛም አዝነናል፤ እንጸልይላት» ይባል። ነገ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ቢጠይቅ ደግመን እንመልስለት። በተዝካሩም ዕለት ወደ ጎረቤት አይላክ፤ ከቤተ ሰቡ መካከል ይቀመጥ፣ ማልቀስ ቢፈልግም ያልቅስ።